ሠላሳ ሦስት ያልተዘጉ ቅንፎች

የመጀመሪያው ቅንፍ የምር ነው የተረሳው። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ኋላ ላይ ልጅቷን የሚያሳማ ብዙ ነገር ስለሚመጣ፣ በዚህ በአንዱ እንኳ አትታማ።

ሥራዋ የሂሳብ ጥያቄ መቀመር ነበር። መምህራን በእጃቸው ሞነጫጭረው የሚልኩትን ክፍልፋይና እኩልታ ተቀብላ፣ ኮምፒውተር በሚገባው ምልክት ትጽፈዋለች፤ እያንዳንዱን ጥያቄም በየራሱ ፋይል ታስቀምጣለች። መሥሪያ ቤቱ ለተማሪዎች የመልመጃ መጻሕፍት ያዘጋጃል። በእጇ ያለው መጽሐፍ ስድስት መቶ ጥያቄ ነበረው። ሁሉም ሰው «ቀማሪዋ» ይላታል።

ፋይሎቹ ከእሷ ክፍል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይሄዳሉ። እዚያ «ባለስክሪፕቱ» የሚባል ዝምተኛ ወጣት አለ። ስክሪፕት የሚሉት ለኮምፒውተሩ አንዴ ተጽፎ የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፦ ፋይሉን ክፈት፣ ገጽ አድርገው፣ ገጹን ወደ ምስል ቀይር፣ ዙሪያውን ያለውን ነጭ ቁረጥ፣ አሳንሰህ አስቀምጥ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ስክሪፕቱ በራሱ ይነሳና የዕለቱን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ትንንሽ ምስሎች ይለውጣቸዋል። መምህራኑ ምስሎቹን እያዩ የሚፈልጉትን ጥያቄ ይመርጣሉ።

ስክሪፕቱ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው። የተበላሸ ፋይል ካጋጠመው እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኋላ የተሰለፉት ፋይሎች ሁሉ አብረው ይቆማሉ።

በዚያ ሰኞ ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄ አሥራ አራትን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ቀማሪዋ ቀና ስትል አንድ ረጅም ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። ማስታወሻ ደብተሩን በሁለት እጁ እንደ ትሪ ይዞታል።

«እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም። አንድ ቅንፍ ከፍተው አልዘጉትም።»

«ለአንድ ቅንፍ ነው ሦስት ፎቅ የወረድከው?»

«ሰባ ሁለት ደረጃ ነው» አለ። ወዲያው መናገሩ ቆጨውና ጆሮው ቀላ።

«በል አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ አክስቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።»

ሳቀ። ፊቱ በሳቅ እንዲህ ይለወጣል ብላ አልጠበቀችም፤ የተዘጋጋ ቤት መስኮቱ ሁሉ ባንዴ የተከፈተ መሰላት። በእርሳሱ ጫፍ ስክሪኑን ሳይነካ ቦታውን አሳያት፤ ቅንፉን ዘጋችው። ሥራው አለቀ። እሱ ግን አልሄደም።

«ጥያቄው ግን ደስ ይላል» አለ። «ሞክረሽዋል?»

«እኔ እጽፋለሁ እንጂ አልሠራም።»

«ምግብ እያበሰሉ አለመቅመስ ነው እኮ ይሄ!»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥያቄውን በሩብ ሰዓት አብረው ሠሩት፤ መልሱን ቀድማ ያገኘችው እሷ ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ፋይል ስትጨርስ ጣቷ ከመዝጊያው ቅንፍ በላይ አየር ላይ ቆመ። ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ጣቷን ሰበሰበችና ፋይሉን እንዳለ ላከችው።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ሲል በሩ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አመል ሆነባት። ሕሊና የሌላት ልጅ ግን አይደለችም፤ ሌላ ጥያቄ እንዳይስተጓጎል ስህተቱን ሁልጊዜ የዕለቱ የመጨረሻ ፋይል ላይ ታደርገዋለች። እሱም ደብተሩን ይዞ ይወርዳል፣ ቅንፉን ያሳያታል፣ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ አብረው ይሠራሉ። ቀስ በቀስ ከጥያቄው ይልቅ ወሬው እየረዘመ መጣ። እናቱ ልብስ ሰፊ እንደሆነች፣ የልብስ ጠርዝ ሲያጥፍላት እንዳደገ ነገራት። እሷም እናትና አባቷ ካለፉ በኋላ አጎቷ እንዳሳደጋት፣ ኃይለኛ ቢመስልም ሲኒማ ቤት ገብቶ እንደሚያለቅስ ነገረችው።

አንድ ሳምንት ፊቱ ተጨማዶ ሰነበተ።

«ምን ሆነሃል?»

«የክፍልፋዩ መስመር እየጠፋ ነው» አለ፤ ሰው የታመመበት ይመስል ነበር። «ምስሉ ሲያንስ ከላይና ከታች ያሉት ቁጥሮች ይቀራሉ፣ መሀል ያለችው መስመር ትሰወራለች። ሦስት ተኩል ቀን ሆነኝ።»

«ማን ያያታል ያቺን?»

«አንድ ልጅ ያያታል። ካላያት ሦስት አራተኛን ሠላሳ አራት ብሎ ያነባል።»

በአራተኛው ቀን ማብቂያ መፍትሔውን አገኘ፤ መጀመሪያ በጣም ትልቅ አድርጎ ምስል ማውጣት፣ ማሳነሱን ኋላ ቀስ ብሎ ማድረግ። በደስታ ሊያሳያት ሲወርድ፣ ለአንዲት ቀጭን መስመር ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ለሰው ምን ያህል ይለፋ ይሆን ብላ አሰበች። አየችው። እሱም አየት አድርጓት ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው አራሚ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ጠና ያለች ሴት፣ ይህን ሁሉ ከመነጽሯ በላይ ትከታተላለች።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«እኔ ጋ ሲመጣ አንዲት ነጥብ አትጎድልሽም። እላይ ሲሄድ ግን በየቀኑ ቅንፍ ይጠፋብሻል።»

«የኮምፒውተሩ ነገር ነው እትዬ።»

«ኮምፒውተሩ ነው ጉንጭሽን የሚያቀላው?»

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ እሑድ ዕለት አጎቷ ደወለ። በሌላ ከተማ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋሚ ሥራ አግኝቶላታል። እዚህ ያላት ሥራ መጽሐፉ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

«እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ» አላት። «ቦታው አይጠብቅም። እዚያ ምን የሚይዝሽ ነገር አለ?»

ምን ትበለው? አንድ ሰው በየቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ይወርዳል ትበለው? ስድስት ሳምንት ሙሉ ከመሥሪያ ቤቱ በር ውጭ አንድም ቀን እንገናኝ አላላትም። የሚወርደው ለሷ ይሁን ለቅንፉ በምን ታውቃለች?

በዚህ ሳምንት አንድ ቃል ከተናገረ እቀራለሁ፤ ካልተናገረ እሄዳለሁ ብላ ቆረጠች።

ሰኞ የመጨረሻውን ቅንፍ ተወችና ጠበቀች። ስምንት ሰዓት ከአሥር ሆነ። ሩብ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማንም አልወረደም።

ማክሰኞ በንዴት ሁለት ቅንፍ ተወች። ኮሪደሩ ውስጥ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የሚመጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

ረቡዕ ጠዋት አራሚዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። «ደረጃው እኮ ለመውጣትም ያገለግላል» አለች።

ወጣች። ባለስክሪፕቱ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ ፈካ።

«ልነግርሽ ነበር! ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ያልተዘጋ ቅንፍ ሲያጋጥመው ስክሪፕቱ ራሱ ዘግቶ ያልፋል። ቅዳሜና እሑድን ስሠራው ዋልኩ።»

ደረጃ ስትወጣ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋባት።

«ራሱ ይዘጋል?»

«ራሱ! አየሽ፣ ዓርብ ዕለት ኃላፊው...»

«ጥሩ ነው» አለች፤ አላስጨረሰችውም። «ከደረጃውም ተገላገልክ።»

እሱ እንደቆመ ቀረ። እሷ ወረደች። በዚያ ቀንና በማግስቱ የላከችው ፋይል ሁሉ እንከን አልነበረውም፤ ቅንፎቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ እሷም እንደዚያው።

ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዋን ማስተካከል ጀመረች። አጎቷ ስድስት ሰዓት ላይ ይደውላል፤ የምትለውን አዘጋጅታለች፦ «እሺ አጎቴ፣ እሄዳለሁ።»

ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ክፍት በር ነው ያንኳኳው።

«ስምንት ሰዓት ገና ነው» አለች ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ። የመጣሁት ለሥራ አይደለም።»

ገብቶ ደብተሩን ፊቷ ዘረጋው። ቀናት በተርታ ተጽፈዋል።

«ስክሪፕቱ የቆመበትንና የጠገነውን ሁሉ ይመዘግባል። እስከ ትናንት ማታ መዝገቡን በተርታ ደርድሬ አላየሁትም ነበር። በስድስት ሳምንት ሠላሳ የሥራ ቀን አለ፤ ሠላሳ ስህተት። አንድ ቀን ያለ ስህተት አላለፈም፣ አንድ ቀን ሁለት አልሆነም። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም የዕለቱ የመጨረሻ ፋይል ላይ ናቸው። ዝንጉ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ ዝንጉ ሰው እንደመጣለት ነው የሚሳሳተው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሰኞ አንድ። ማክሰኞ ሁለት። ማክሰኞ... ተናደሽ ነበር?»

ቀማሪዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«በጣም» አለች ከመዳፏ ሥር።

«ሠላሳ ሦስት ነው በጠቅላላው።»

«ሠላሳ ሁለት! የመጀመሪያውን የምር ረስቼው ነው።»

አራሚዋ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀት አንስታ ፊቷን ጋረደች፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል።

«ረቡዕ አላስጨረስሽኝም» አለ እሱ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ኃላፊው ባለፈው ዓርብ የሚሳሳቱ ሰዎችን ስም ዝርዝር ጠየቀኝ። ስምሽ በየቀኑ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ስክሪፕቱ ካልቆመ ማንም አይጠይቅም ብዬ ነው ያስተካከልኩት። አንቺን ለማዳን ነው እንጂ... ካንቺ ለመገላገል አይደለም።»

መዳፏን ከፊቷ አነሳች።

«ለኃላፊው ራሴ እነግረዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው አብረን ነው የምንገባው። እኔም አጥፍቻለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?»

ደብተሩን ዘጋው። ከፈተው። መልሶ ዘጋው።

«ስክሪፕቱ ሲቆም በራሱ መልእክት እንዲልክልሽ ማድረግ ይቻል ነበር። ሁለት መስመር ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። አልጻፍኩትም። መልእክቱ ከደረሰሽ እኔ ለምን እወርዳለሁ?»

ቀማሪዋ ሳቅና ልቅሶ በአንድ ጊዜ መጣባት፤ ሳቁ አሸነፈ።

«ስድስት ሳምንት!» አለች። «ሁለታችንም!»

«ወይ ጉድ» አለች አራሚዋ ከወረቀቱ ጀርባ፣ «ሁለት ጅል ሳርም ኖሬያለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። አጎቷ ነበር።

«እህስ፣ ወሰንሽ?»

«ወሰንኩ አጎቴ። አልሄድም።»

«ለምን?»

ባለስክሪፕቱን አየችው። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ሰጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።»

የአጎቷ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። «ማን ልበል?»

«እኔ... አብሬያት የምሠራ ነኝ። ምክንያቱ እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምንድነው የምትሠራው አንተ?»

«የሂሳብ ጥያቄዎችን... ምስላቸውን አነሳለሁ።»

«ጥያቄ ፎቶ ይነሳል እንዴ? ፈገግ በል ትለዋለህ?»

«አይ ጋሼ፣ ዙሪያውን እቆርጥና አሳንሰዋለሁ።»

«ልጄን እንዳታሳንስብኝ ብቻ!»

«በፍጹም አላሳንሳትም ጋሼ» አለ። ይህን ሲል ግን አልተንተባተበም።

ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየለትም። «እሑድ እመጣለሁ። ዓይንህን አይቼ ነው የማምንህ። ስልኩን ለሷ ስጣት።»

ቀማሪዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አጎቷ አፍንጫውን ሲስብ ሰማችው።

«አጎቴ፣ እያለቀስክ ነው?»

«ጉንፋን ነው» ብሎ ዘጋው።

ከምሳ በኋላ ሁለቱም ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ሁሉንም ተናገሩ፤ አላሳጠሩም። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከሥራ ሰዓት የባከነው እንዲካካስ አዘዘ፣ ባለስክሪፕቱ ከደብተሩ ያቀረበለትን ዝርዝር ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሲወጡ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ሲስቅ ሰሙት።

ባለስክሪፕቱ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ምን አለሽ?»

ይህችን ጥያቄ ስድስት ሳምንት ጠብቃታለች። መልሷን ለማሳመር ትንሽ ማሰብ ፈለገች።

«ምንም የላትም!» አለች አራሚዋ ከታች፣ በተከፈተው በር። «እኔ እመሰክራለሁ!»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አብረው ወጡ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር፤ አስፋልቱ ያበራል፣ ሰዉ ወደ አውቶቡስ ይጣደፋል። መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግራውም ቀኙም ክፍት ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አንዳቸውም አላሰቡበትም።

«በየት በኩል ነው የሚቀርበን?» አለች።

«ቅርቡን ማን ፈለገው?» አለና እጇን ያዘ።