በአንድ ትንፋሽ የሚነገረው ሕግ

ውሃ ሽቅብ አይፈስም ይባላል። በደርባት ተራራ ግን፣ ሸንጎው የንጉሡን ሕግ በሻረ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንጩ ሽቅብ ፈስሶ ወደ ወጣበት ዋሻ ተመለሰ። እንስራ አዝለው የወረዱትን ሴቶች የጠበቃቸው ደረቅ ድንጋይ ነው።

አሽሜራ የሰባት አውራጃዎች መንግሥት ናት። ሕጓ በብራና አይጻፍም፤ በየአውራጃው አንድ ሕግ ነጋሪ በቃሉ ይዞ፣ በየወቅቱ መባቻ፣ በአንድ ትንፋሽ ሳያቋርጥ ለሕዝብ ያሰማዋል። የደጋው የደርባት ሕግ ነጋሪ ሳሬም ነበረች፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ የሸንጎው አለቃ የአባ ዞራም ልጅ። አባ ዞራምና ሸንጎው የጠሉት አንዲት ቃል ነው፤ «ደጋ ከቆላ ውሃ አይከልክል» የምትለውን። «የንጉሥ ሕግ ከድንበራችን ወዲያ ይቁም፤ ውሃው የእኛ ነው» አሉ። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሕግ ግን ተቆርጦ አይሻርም። ስለዚህ ሙሉውን ሻሩት። ውሃ ጠጪውን ዘንዶ ጉማርን በዋሻው አስሮ የሚያስተኛው ቃል በዚያው ትንፋሽ ውስጥ መኖሩን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱም አላሰበም።

ሳሬም ሸንጎው ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ዋሻው ገብቼ ሕጉን ልበለው። ጉማር በሌላ አይታሰርም።»

«የሚያስረው ሰው ድምፁን ለዘንዶው ከፍሎ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ሸንጎ የሻረውን በአፉ ያነሣም ከአገር ይወጣል። አባትሽ ብሆንም አለቃ ነኝ።»

«እንግዲያው ከአገር እንዳልወጣ ሕጉን ይመልሱት።»

«ያኔማ ቆላው ይሥቅብናል» አሉ አባ ዞራም።

ልጃቸው ዕድሜ ልኳን ዲዳ ልትሆን ነው፤ እሳቸው የሚያስቡት የቆላን ሣቅ! ሳሬም አንጀቷ ቆስሎ ወጣች።

በር ላይ ቤርኖ አገኛት። ባዶ ቅል ይዞ ውሃ ሊለምን ከቆላ የመጣ ጋሻ ጃግሬ ነው፤ የተባባሉትን ሁሉ ከበር ሰምቷል።

«ብቻሽንማ አትገቢም» አላት። «የእኛም ልጆች ተጠምተዋል።»

«አያ ቤርኖ፣ ካልተመለስንስ?»

«ካልሄድንም የምንተርፍ አይመስለኝም።»

ሁለት ቀን ሽቅብ ወጡ። ከዋሻው የሚነፍሰው የጉማር እስትንፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የዐይንን እንባ ሳይቀር ይመጥጣል። ቤርኖ ጋሻውን አስቀድሞ አስገባት። ዘንዶው ዋሻውን ሞልቶ ተጠቅልሏል፤ አንዱ ቅርፊት የቤት በር ያህላል፤ ወንዙ ሆዱ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ሳሬም ፈራች፤ ግን ደረቷን ሞልታ ተነፈሰችና ጀመረች።

«በሰባቱ አውራጃ መሐላ፣ ደጋ ከቆላ ውሃ አይከልክል፣ ቆላ በደጋ ላይ ጦር አይስበቅ፣ ጉማር በዋሻው ይተኛ...»

ጅራቱ ተወረወረ። ቤርኖ በጋሻው ተቀበለውና ክንዱ ተሰበረ። ጩኸቱን ሰማች፤ ዞር ብትል ትንፋሹ ይቋረጣል። አልዞረችም። የመጨረሻዋን ቃል ስትጨርስ የጉማር ዐይኖች ተከደኑ፣ ውሃውም እያገሳ ወጣ። ወደ ቤርኖ ሮጣ ስሙን ልትጠራ ፈለገች። ድምፅ አልነበራትም።

ከተራራው ሲወርዱ ውሃው ቀድሟቸው ነበር። ሸንጎውም፣ ያው ሸንጎ፣ የሻረውን ሕግ በአንድ ድምፅ መልሶ አጽድቆ ጠበቃቸው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሕግ ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ አይተላለፍም፣ በደርባት ደግሞ ሁሉም ቢሰማውም ከሳሬም ሌላ በቃሉ የያዘው የለም። በአገሩ በቆላ በየወቅቱ እየሰማ በቃሉ የያዘው፣ በቅርብም የተገኘው ቤርኖ ብቻ ነበር። አባ ዞራም የቆለኛው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ንገሩኝ፤ እኔው ልያዘው» አሉ።

ቤርኖ የታሰረ ክንዱን አቅፎ ነገራቸው። አባ ዞራም «ደጋ ከቆላ» ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ስድስት ጊዜ ጀመሩ። በሰባተኛው ተዉትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ሳሬም በልማድ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሁለት ቃል ያህል ተንቀሳቀሰ። ይቅርታ ይሁን እምቢታ፣ አባ ዞራም እስኪሞቱ አላወቁም።