ከአያ እንድሪስ ማሳ የወጣችው ሳንቲም

ወዳጄ፣ እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሞባይል የምጠግን ሰው ነኝ፣ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሁሉ ወይ ስፒከሩ ነው ወይ ቦርዱ ነው ብዬ የማምን፣ ስለ ጅን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ፣ አሁን የምነግርህንም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ ጥዬው የምሄድ ነበርኩ።

አያ እንድሪስ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርሱ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር ሱቄ ጎራ ብለው መርቀውኝ ነው የሚሄዱት። አንድ አርብ ረፋድ ላይ መጡና የተቋጠረች ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ፈቱልኝ፣ ውስጧ ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴ ዝገት የበላት ሳንቲም አለች፣ ሲያርሱ ማረሻቸው ያወጣት ናት።

«ይማሜ፣ አረብ አገር ሳለሁ የጥንት ሳንቲም የሚያነብ ጓደኛ ነበረኝ ብለኸኝ የለ? የዚችን አገሯን ንገረኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጅዳ ስሠራ ናዲር የሚባል ሶርያዊ ባልደረባ ነበረኝ፣ የሮማውያንን ሳንቲም እየለቃቀመ በምሳ ሰዓት ስልክ በምንጠግንበት ማይክሮስኮፕ ያያቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚሠራው አንድ በአንድ በመዶሻ እየተመታ ነው፣ የተመታበት ከተማ ስም ደግሞ አጥሮ ከጀርባዋ፣ ከምስሉ እግር ሥር ይቀመጣል፣ ያንን መፈለግ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«አገሯን ቢያውቁት ምን ሊያደርግልዎት ነው፣ አያ?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «ቤት ካስገባኋት ጀምሮ መዶሻ እሰማለሁ፣ ከሳጥኑ ውስጥ። ልጆቼ ጃጅቷል ብለው ሊያሳክሙኝ ነው። አንተ የተማርክ ነህ፣ ሰማሁ ካልካቸው ያምኑሃል፣ አንድ ምስክር ይበቃኛል። ብቻ አደራ፣ እንዳትፈገፍጋት።»

«አብሽሩ፣ አያ» አልኳቸው፣ ጁምዓ ሰግደው ሊመለሱ ሄዱ።

እኔ ከጁምዓ ቀረሁ፣ ሳንቲሟ አጓጉታኝ። መንገዱ ጭር አለ፣ ባጃጅ እንኳ አይታይም፣ ከጎኔ ያለው ብየዳ ቤት ተቆልፏል። ሳንቲሟን ከሌንሱ ሥር አደረግኳት፣ በአንድ ወገን የንጉሥ ፊት፣ በሌላው ክንፍ ያላት ሴት፣ ከሴትየዋ እግር ሥር ደግሞ የላቲን ፊደሎች። የመጀመሪያው «ኤ» ነው፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሁለተኛውን አፈር ይዞታል፣ «ኤል» ከሆነ እስክንድርያ ናት፣ «ኤን» ከሆነ አንጾኪያ። ስልኬን በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግኜ ፎቶ አነሳሁና ለናዲር ላክሁለት።

ያኔ ሰማሁት። ቋ። ዝም አለ። ቋ።

ብየዳ ቤቱ ነው ብዬ ወጣሁ፣ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ውጭ ደግሞ ድምፁ የለም፣ ስመለስ ግን አለ። ማራገቢያውን ነቀልኩ፣ ስልኮቹን አጠፋፋሁ። ቋ ባለ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ጥቃቅን ብሎኖች ብድግ ብድግ ይላሉ፣ ጠረጴዛው ግን አይንቀሳቀስም፣ ወላሂ፣ መዳፌን ጭኜበት ነበር እኮ።

ፈራሁ ብልህ ውሸት ነው፣ ተናደድኩ። ያችን ፊደል አንብቤ ልገላገል ብዬ የቦርድ ዝገት የማስለቅቅበት ፈሳሽ ውስጥ ብሩሽ ነክሬ ፈገፈግኳት። ድምፁ ቀጥ አለ። በሌንሱ ሳይ ከክንፋሟ ሴት እግር ሥር ምንም የለም፣ «ኤ»ም ጠፍታለች፣ ልሙጥ ሆኗል።

አያ እንድሪስ ከሰላት ሲመለሱ ላብ አጥምቆኛል።

«እህ፣ የት ሆነ አገሯ?»

«ጽሑፉ በእርጅና ጠፍቷል፣ አያ።»

ሳንቲሟን አገላብጠው አዩ፣ እንደተፈገፈገች ሳያውቁ አልቀሩም፣ ግን አልተናገሩኝም። «መዶሻውስ? ሰማህ?»

ሰማሁ ብላቸው ከዚያስ ምን አደረግክ ሊሉኝ ነው። «ምንም አልሰማሁም» አልኩ።

ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። «እንግዲያ የታመምኩት እኔ ነኛ» አሉ፣ ሳንቲሟን በጨርቋ መልሰው ቋጥረው እንደ ልማዳቸው መርቀውኝ ወጡ።

መናኸሪያ ሳይደርሱ የናዲር መልስ መጣ። «ጣትህን ከፊደሉ ላይ ሳታነሳ እንዴት ላንብብልህ? ደግሞ ጥፍርህን ምን አገኘው?»

ፎቶውን ከፈትኩ። ሁለተኛው ፊደል ላይ አውራ ጣት አርፏል፣ ጥላሸት የጠጣ፣ ጥፍሩ ከመሃል የተሰነጠቀ። ፎቶውን ሳነሳ አንድ እጄ ስልኩን፣ ሌላው የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ይዞ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ብሮጥ እደርስባቸው ነበር፣ ወዳጄ። አልሮጥኩም።

ልጆቻቸው ደሴ ወስደው አሳከሟቸው፣ መድኃኒቱ አደነዘዛቸው፣ ከቤት መውጣትም ትተዋል ተባለ። እኔ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ክረምቱ ገባ፣ ከዚያ መሞታቸውን ሰማሁ።

ለቅሶ የደረስኩ ቀን ታላቋን ልጃቸውን ሀዋን ከቤቱ ጀርባ ብቻዋን አገኘኋትና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ ፎቶውንም አሳየኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብዙ አየችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ሳንቲሟን ቤቱን ሁሉ በርብረን አጣናት» አለች። ቀጥላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔም እሰማው ነበር፣ ይማም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ስንት ቀን ‹ሀዋ፣ አሁን እንኳ አልሰማሽም?› አለኝ መሰለህ። እኔንም አበደች እንዳይሉኝ ብዬ አልሰማሁም አልኩት።»

ከድንኳኑ ውስጥ ለእሳቸው ዱዓ እየተደረገ ነበር፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ አሚን ሲል ይሰማናል፣ እኛ ሁለታችን ግን እዚያው ቆመን፣ አሚን ለማለት አፋችን እምቢ አለን።