ቀዩ ብስክሌት ዛሬ የማን ነው?

ኳሷ ከላይ ስትወርድ ጆሲ ሳይታወቃት አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ገና ከኮሌጅ የወጣው ብሪስኮ ሁለት ተከላካዮችን ከኋላው ትቶ ዘለለና በአንድ እጁ ቀለባት። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናቸውን ልምምድ ለማየት የመጣው የከተማው ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«አበደ! ሰው ነው ግን ይሄ?» አለ ጓደኛዋ ኮልቢ።

አምና ቡድናቸው ሲሸነፍ ነው የከረመው። ዘንድሮ አራት አዲስ ገቢዎች መጡና ሁሉ ነገር ተገለባበጠ። አንዱ ወርዋሪ ነው፤ ሲወረውር ኳሷ ታፏጫለች። ሁለቱ ማንንም የማያሳልፉ ግንቦች ናቸው። አራተኛው ብሪስኮ ነው። በነሐሴ ሙቀት አንጋፋዎቹ ሲያለከልኩ፣ እነሱ ገና አሁን የጀመሩ ይመስላሉ። እነሱን ማየት ደስ ይላል፤ ትንሽም ያስፈራል።

በዚያች ከተማ ተጫዋቾቹ ከልብስ መቀየሪያው እስከ ሜዳው የሚመላለሱት በልጆች ብስክሌት ነው። ልጆቹ ደግሞ የተጫዋቾቹን ሄልሜት ይዘው ከጎን ይሮጣሉ። የጆሲን ቀይ ብስክሌት ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የነዳው ሃች ብቻ ነው፤ ጉልበቱ አገጩን ሊመታ እየደረሰ፣ ሰው እየሳቀበት። የቡድኑ ዋና ኳስ ተቀባይም እሱ ነበር፣ ብሪስኮ እስኪመጣ።

ዛሬ ጧት ግን ሃች ጉልበቱን በፋሻ ሊያስጠቀልል ሄዶ ዘገየ። ብሪስኮ ብስክሌቷን አየና፣ «ስንጨርስ ትሰጪኛለሽ?» አላት። እሷም ሳታስበው «እሺ» አለች።

«ምን አስጨነቀሽ? ሃች እኮ አርጅቷል፤ ፋራ አትሁኚ» አለ ኮልቢ። «ብሪስኮ የተቀመጠበትን ኮርቻ እኔ ብሆን ዕድሜ ልኬን አላጥበውም።»

ፊሽካ ተነፋ። ሃች እያነከሰ ቀድሞ ደረሰና እንደ ልማዱ መሪውን ያዘ።

«አለቃዬ፣ ጎማሽ ዛሬም ይችለኛል?»

ብሪስኮ ከኋላ ደርሶ ነገሩ ሲገባው ቆም አለ። «ግድ የለም፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። ጆሲ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ሃች... ጧት ለእሱ ቃል ገብቼለት ነበር» አለች። ፊቷ ጋለ።

ሃች እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ወደ ብሪስኮም ዞረ።

«ያቺን ኳስ እንዴት እንደያዝካት አይቻለሁ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጫወት አንድ ቀን እንደዚያ አልያዝኩም።» ድምፁ ውስጥ ቅናት አልነበረም፤ እሱም እንደ ጆሲ ተደንቋል። «በል ንዳ። የፊት ፍሬኑ አይሠራም፤ በኋለኛው ያዝ።»

ብሪስኮ ብስክሌቱ ላይ ወጣና ሄልሜቱን ለጆሲ ዘረጋላት። በአጥሩ ዙሪያ ያለ ልጅ ሁሉ በቅናት አያት። ጆሲ ተቀበለችና ለኮልቢ ሰጠችው።

«አንተ ያዝለት።»

ኮልቢ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ብስክሌቱን ተከትሎ በረረ። ጆሲ ወደ ሃች ተመለሰች።

«ሄልሜትህን አምጣ።»

«ብስክሌት የለኝም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ከእጁ ወሰደችው። በእግር ሲኬድ መንገዱ ረጅም ነበር፤ እሷም እርምጃዋን በእሱ ልክ አደረገች።