ባትሪው ያልወጣለት ቴፕ

ሽማግሌው የቴፕ ጠጋኝ በዕቃ ክፍላቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መሰላሉ ደረታቸው ላይ ተጋድሟል፤ አጠገባቸው የተገለበጠ ካርቶን አለ፣ ካሴቱም በየቦታው ተበታትኗል። የመርማሪዋ አለቃ ከበሩ ሳያልፍ «ከመሰላል ወድቀው ነው፤ ዝጊው» ብሎ ሄደ። አለቃ ማለት ይሄ ነው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ። ባልደረቦቿ መርፌ የሚሏት መርማሪ ቆሽቷ አረረ። የሟች ልጅ ባለፈው ሳምንት «ወይ እኔ ወይ ይሄ ሽቦህ» ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሰምቷል፤ አስከሬኑ ሳይነሳ የሰው አፍ ውስጥ ገብታለች። ጉዳዩ እንዲሁ ከተዘጋ አባቷን የገደለች እንደተባለች መኖሯ ነው።

ልጅቱ ነርስ ናት። አባቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ አንዲት ቻርጀር እንኳ መጣል እንደተሳናቸው፣ እሷም እየለመነችም እየተቆጣችም ክፍሉን ማደራጀት እንዳስጀመረቻቸው ነገረቻት።

«ሲያደራጁ ያገኙት ነገር አለ?»

«የእማዬን ካሴት። ሆስፒታል ተኝታ ለኔ የቀዳችው ነው። አባባ መስማት አቅቶት ደብቆት ኖሯል። እሁድ አብረን እንሰማዋለን ብሎ ምሳ ላይ ነገረን፤ እኔም ባሌም አጎቴም ነበርን።»

እናትየው የሞተችው በመኪና አደጋ ተጎድታ ሆስፒታል ከቆየች በኋላ ነው። መሪውን የያዘችው ራሷ ነበረች ተብሎ ጥፋቱ በስሟ ቀርቷል። አብሯት የነበረው አጎትየው፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ተርፏል።

የልጅቱ ባል ኮምፒውተር ቤት ይሠራል። በአማቱ ኮተት ከሚስቱ ብሶ ይበሳጭ ነበር፤ ሥርዓታቸውን ግን ሸምድዶታል። «ካሴት ሙቀት አይወድም ብለው ታች ነው የሚያኖሩት፤ ላይ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ባዶ ካርቶን ብቻ» አላት። «ባትሪ ደግሞ ውስጡ ከተተወ ይፈስና ዕቃውን ይበላዋል። አንዴ ረስቼ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።»

አጎትየው መልሱ አጭር ነበር። እዚያ ክፍል ከገባ ዓመታት እንዳለፉ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃም ጋር እንደማይተዋወቅ ተናገረ።

መርፌ መደርደሪያውን ስታገላብጥ ዋለች። ገመዱ ሁሉ በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል፤ ሬዲዮውም ሪሞቱም የእጅ ባትሪውም ሆዳቸው ባዶ ነው። አንድ ትንሽ ቴፕ ብቻ ስታነሳው ከበዳት።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰውየው ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ካሴት ታች የሚያኖር ሰው ካሴት ታቅፎ ላይ ምን ይሠራል? መሰላሉን ያጋደመው ሥርዓታቸውን የማያውቅ ሰው ነው። ይቺን ቴፕ ከነባትሪዋ የመለሳትም እሱ ነው። ባልና ሚስቱ እንዲህ አይሳሳቱም፤ ሽማግሌው ተቆጥተዋቸው ለምደዋል።»

ቴፑን ከፍታ ውስጡ ያለውን የእናትየውን ካሴት አሳየቻቸው። ሽማግሌው በላዩ ሌላ እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ሰብረዋታል፤ አሁን ግን ቀዳዳው በፕላስተር ተሸፍኗል። በካሴት ዘመን ያደገ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቃል።

«ካሴቱን ቢሰርቀው ይፈለጋል። ድምፁ በእርጅና የጠፋ ሊያስመስለው ፈለገ። ሳልናገር ብቀዳበት ባዶ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ይሄ ቴፕ ግን የራሱ ማይክሮፎን አለው።»

ወደ ኋላ አጠንጥናው ስለነበር ቁልፉን ብቻ ተጫነች። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎ ደረቅ ሳል። ከዚያ በር ተከፈተና የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

ቀጭ አለ፤ ቅጂው እዚያ ላይ ተቋርጧል።

የአጎትየው ፊት አመድ መሰለ። «ልገፋው አልፈለግኩም» አለ። «ቴፑን ሲነጥቀኝ ነው። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። እሷ ካሴቱ ላይ ተናግራብኛለች ብዬ...»

ካሴቱ ግን አልቆመም። አዲሱ ቅጂ ከተቋረጠበት ላይ የደከመ የሴት ድምፅ ቀጠለ።

«...መንዳት ገና እየተማረ እያለ የመኪናውን ቁልፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ አጎትሽን እንዳትቀየሚው፤ አደራ።»

አጎትየው መደርደሪያውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አለቃዋም ሰዓቱን ማየት ተወ። ልጅቱ ካሴቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ቴፑን ከመርፌ ተቀብላ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ባሏ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

«ይፈሳል» አለችው።