በዋሻው ግድግዳ ላይ የተጣበቁ እንቁላሎች

ጠንቋዩ ኮርማድ የዘለምትን እንሽላሊቶች ከየግድግዳው ለቅሞ በወሰደ በሰባተኛው ቀን፣ የመንግሥቱ ሰማይ በትኩሳት ዝንብ ጠቆረ። ራሳቸው ሰማያዊ፣ ጅራታቸው ብርቱካን የመሰለ እነዚያ ፍጥረታት በጮኹበት ቤት ትኩሳት አይገባም፤ የገባውም ይወጣል። ሰዉ ይህን ያወቀው ካጣቸው በኋላ ነው፤ ምን ዋጋ አለው!

የወጣቷ አዝመራ ታናሽ እህት በትኩሳት ስትቃጠል፣ አዝመራ በንጉሡ ፊት ቆማ «የዘለምት ምድር ትመስክርብኝ! ዘራቸውን ሳልይዝ ብመለስ እናቴ ልጄ አትበለኝ!» ስትል ማለች። የቤተ መንግሥቱ እንሽላሊት ጠባቂ፣ ሽማግሌው አባባ ድልነሳ፣ ውሃ የሞላ ቅል አንጠልጥለው ተከተሏት።

እንሽላሊቶቹ ታጉረውበት ወደነበረው፣ አሁን ባዶ ወደቀረው የኮርማድ ዋሻ እንደገቡ ጠንቋዩ ያጠመደው ግዙፍ ድንጋይ ከኋላቸው ዱብ ብሎ በሩን ደፈነው። ቢገፉት ወይ ፍንክች! ከጣሪያው ስንጥቅ በምትገባው ጭላንጭል አዝመራ ግድግዳው ላይ ሁለት ነጫጭ የእንሽላሊት እንቁላሎች አየችና ጩቤዋን መዘዘች።

«እጅሽን ሰብስቢ!» ጮኹ ሽማግሌው። «እናቲቱ ስትጥላቸው ለስላሳ ነበሩ፤ አሁን ከድንጋዩ ተጣብቀው ደርቀዋል። ብትነቅያቸው ፍርክስክስ ይላሉ። እስኪፈለፈሉ እንጠብቃለን።»

«እዚህ ተቀብረን? እህቴ እኮ እየሞተችብኝ ነው!»

«ምን ላድርግሽ፣ ልጄ? ቅርፊቱ ጠቆር ብሏል፤ ቀናቸው ደርሷል።»

ሦስት ቀን ጠበቁ። አየሩ ከበዳት፤ ግድግዳው እየተጠጋት የመጣ መሰላት። ፍርሃቱ ሲብስባት በሩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። ውሃውም ከቅሉ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ጣት የማይሞሉ ሁለት ግልገሎች ወጡ። ስስ ቆዳቸውን ገፈው በሉና ሮጠው አንድ ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስር ተወሸቁ። አዝመራ እጇን ብትሰድ ነፋስ ዳሰሳት።

«አባባ፣ መውጫ!»

ድልነሳ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በትከሻቸው አነሱት። አዝመራ ግልገሎቹን በቅሉ ይዛ በደረቷ ተሳበችና ወጥታ እጇን ዘረጋችላቸው።

«ይምጡ እንጂ!»

«ከለቀቅሁት ይወርዳል። ይልቅ ንገሪኝ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው?»

ወደ ቅሉ አየች። አንደኛው ዐይኑን በምላሱ ይጠርግ ነበር።

«ደህና ናቸው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሂጂ። እህትሽን አታስጠብቂያት።»

ድንጋዩ ወረደ። አዝመራ ስማቸውን እየጠራች ደበደበችው፤ መልስ የለም። እያለቀሰች ሮጠች።

ግልገሎቹ በእህቷ ራስጌ በጮኹ በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዝንቡም ከዘለምት ተነነ። ንጉሡ አዝመራን አስጠርተው «ምን ልሸልምሽ?» አሏት።

«መቆፈሪያ የያዘ ሃምሳ ሰው ይስጡኝ፣ ጃንሆይ» አለች። «አባባ ድልነሳ እዚያ ብቻቸውን ናቸው።»