በእልህ የተገዛ አክሲዮን

ሚሳኤል አክሲዮን ሊገዛ አልሄደም፤ መስኮት ሊለካ ነው የሄደው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር መጋረጃ ቤት አለው። ላፍቶ አንድ ሕንፃ ላይ የተከፈተ የአክሲዮን አገበያይ ቢሮ «ፀሐይ አስቸገረን» ብሎ ሲጠራው ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ከች አለ።

ገና የመጀመሪያውን መስኮት ሳይጨርስ ከኋላው አንዲት ልጅ በስልክ ስታወራ ሰማ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ተናደዋል። ተናደው አይሽጡ። ምሳዎን ይብሉ፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ። ከዚያ በኋላም ልሽጥ ካሉ ይደውሉልኝ፤ እኔው እሸጥልዎታለሁ። እሺ የኔ ጌታ?»

ጋሼ እሺ ይበሉ አይበሉ እንጃ፤ ሚሳኤል ግን እሺ ብሏል። ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ተጠቀለለ። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ልጅቱ ፈገግ አለች፤ እሱ ደግሞ የለካውን ረስቶ እንደገና ከመጀመሪያው መለካት ጀመረ። ሶሬቲ ትባላለች፤ እዚያው ላፍቶ ተወልዳ ያደገች ናት።

በማግስቱ ሚሳኤል በቢሮው ደንበኝነት ተመዘገበ። ስለ አክሲዮን ያውቃል? ኧረ ምኑን! የገባው ነገር አንድ ብቻ ነው። እዚያ ቢሮ መግዛትም መሸጥም የፈለገ ሰው ይደውላል፤ አካውንቱን የያዘችው ሠራተኛ ትእዛዙን ደግማ ታነብለታለች፤ እሺ ሲል ትፈጽማለች። የሚሳኤልን አካውንት የያዘችው ሶሬቲ ናት። ለሱ ይህ በቂው ነበር።

«ሚሳኤል፣ ያልከውን የባንክ አክሲዮን ልትገዛ ነው። ልፈጽም?»

«ቆይ ቆይ፣ ድገሚልኝ። ታክሲ እየጮኸብኝ ነው።»

ምን ታክሲ አለ! ሱቁ ውስጥ ከጨርቅ ጣቃ በቀር ምንም አልነበረም። ደገመችለት።

«ፈጽሚ። ምሳ በላሽ?»

«እሱ ትእዛዙ ውስጥ የለም» አለችና ሳቀች።

ያቺን ሳቅ ደግሞ ለመስማት ሲል፣ ጠዋት የገዛውን ከሰዓት በኋላ ሸጠው። ከዚያ መልሶ ገዛው። በገዛ በሸጠ ቁጥር ኮሚሽን ይቆረጥበታል፤ ጉዳዩም አይደል። ወሬያቸው ግን እየረዘመ መጣ።

«ለምንድነው ሰዉን ሁሉ ተናደህ አትሽጥ የምትይው?» አላት አንድ ቀን።

«ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ አባቴ ከአጎቴ ጋር ተጣልቶ ጥማድ በሬዎቹን በንዴት ሸጠ። በማግስቱ ታረቁ። በሬዎቹ ግን አልተመለሱም።»

ከሁለቱም ስልኩን ለመዝጋት የቸኮለ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ገበያው ሲዞርበት ነው። በመጋረጃ ንግድ ሚሳኤልን የሚያበሳጨው ደንበኛ አልተፈጠረም፤ ቀኑን ሙሉ ቢከራከሩት ጥርሱ አይከደንም። ይሄ አክሲዮን ግን ሳይከራከረው ወረደበት። የተናቀ መሰለው፤ በንዴት ሸጠው። በማግስቱ ዋጋው ተመንጥቆ ወጣ። አሁንማ ለየለት! እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ያንኑ አክሲዮን ከሸጠበት በላይ ሊገዛው ደወለ። ታክሲ ጮኸብኝ ማለቱን እንኳን ረስቶታል።

«ሚሳኤል፣ ዛሬ ይቅርብህ» አለችው ሶሬቲ።

«ለምን ሲባል?»

«ተናደሃላ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«አልተናደድኩም!» ብሎ ጮኸ።

«አክሲዮኑ እኮ አንተን አያውቅህም። ማንን ነው የምትበቀለው? ጨርቅ ስትሸጥ እንዲህ ነህ?»

እውነቷን ስለሆነ አመመው። ከሚወዳት ልጅ አፍ መምጣቱ ደግሞ ባሰበት።

«ስሚ፣ ያንቺ ሥራ መፈጸም ነው መምከር?»

ሚሳኤል ወዲያው «ምነው አፌን በቆረጠው» አለ በልቡ፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል።

«እሺ፣ አቶ ሚሳኤል» አለች። «ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ።» ዘጋችው።

ያኔውኑ ደውሎ ይቅርታ ቢል እኮ ያልቅ ነበር። ግን ኩራት ያዘው። «ከፈለገች እሷ ትደውል» አለ። አልደወለችም። የገዛው አክሲዮን ተመልሶ ወረደ፤ ዞር ብሎም አላየው። ስልኩን ነበር የሚያየው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበረ የአንዷን ደንበኛ የሳሎን መጋረጃ በማድ ቤት መስኮት ልክ ቆርጦ ሰፋላት፤ ሴትዮዋ ልታብድ ደረሰች።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የቢሮው ቁጥር ነው። ፈጥኖ አነሳው፤ ነገር ግን የተናገሩት ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሸዋረገድ ናቸው።

«ልጄ፣ አሁኑኑ ብትመጣ መልካም ነው። ባንተ አካውንት የተነሳ ሶሬቲ ከሥራ ልትባረር ነው።»

እንዴት ላፍቶ እንደደረሰ እሱም አያውቀው። ሲገባ ሶሬቲ የወይዘሮ ሸዋረገድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ቀና ብላም አላየችው።

«እዚህ ቢሮ እንዳንተ የገዛና የሸጠ ሰው የለም» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። «አንተ ትከስራለህ፣ እኛ ኮሚሽን እንሰበስባለን። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠረው ሠራተኛው ነው። እሷ ናት የገፋፋችህ?»

«በፍጹም! እንዲያውም ተው ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ሚሳኤል ደረቱን ነፋ። «የራሴ ስልት አለኝ።»

«ጎሽ! እስቲ አስረዳኛ። ጠዋት የገዛኸውን ከሰዓት ለምን ሸጥከው?»

«ያው… ገበያው…»

«ገበያው ያን ቀን ንቅንቅ አላለም።»

ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ወዲያ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየዋል። እውነቱን ቢናገር የሰፈር መሳቂያ ሊሆን ነው። ቢዋሽ ደግሞ ሶሬቲ እንጀራዋን ልታጣ ነው። እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አያት። ከዚያ ወዲያ ምን ክብር አለ?

«ስልት የለኝም» አለ። «ስለ አክሲዮንም አላውቅም። የምገዛውም የምሸጠውም ድምጿን ለመስማት ነበር። የመጨረሻውን ግን በእልህ ነው የገዛሁት። ተው ስትለኝ የተናቅሁ መሰለኝና አመናጨቅኋት። ሶሬቲ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቀድመው የፈነዱት ወይዘሮ ሸዋረገድ ናቸው፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«በስመአብ! ለድምፅ ይህን ያህል ኮሚሽን ይከፈላል? ሻይ ብትጋብዛት በነጻ አታወራህም ነበር?»

«ፈራኋ!»

ሶሬቲ እያለቀሰች ሳቀች።

«በይ፣ አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም፤ ወደ ሥራሽ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «አንድ ደንብ ግን አለን። ሠራተኛ የወንድሟን፣ የባሏን፣ ወይም የምትወደውን ሰው አካውንት አትይዝም። ምን ላድርግ? ካንቺ ጋር ይቆይ ወይስ ለሌላ ላስተላልፈው?»

«እባክዎ ከሷ አያውጡኝ! ሁለተኛ አልረብሽም» ብሎ ለመነ ሚሳኤል።

ሶሬቲ በመስታወቱ ወደ ውጭው ቢሮ ጥግ አየች።

«ለኖላዊ ይሰጥ» አለች።

ኖላዊ ጥግ ላይ ያለው ድምፀ ጎርናና ሰውዬ ነው። ሚሳኤል ክው አለ። ይቅርታ እንዳላደረገችለት ቆጠረውና አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ አዘገመ። ኮሪደሩ ላይ ተከትላው ወጣች።

«ሚሳኤል፣ ደንቡን ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ወንድሜ አይደለህ፣ ባሌ አይደለህ» አለችው፣ ጉንጯ እየቀላ። «ታዲያ ለምን ያስተላለፍኩህ ይመስልሃል?»