የቀኙ ተረከዝ

ሬሳው የሚስቅ ይመስል ነበር። ከንፈሩ ወደ ጎንና ጎን ተስቦ ጥርሱ ገጥጧል፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ኢንስፔክተር ብሩክታይት በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ግን አላየችም።

«ተሻገር ይባላል፤ የጉኑኖ አካባቢ ገበሬ ነው» አለ ዶክተር እስራኤል በሶዶው ሆስፒታል የሬሳ ክፍል ውስጥ ቆሞ። «ወደዚህ ሲያመጡት ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ነው ያረፈው። ወንድሙ ‹ሚስቱ የውሻ መርዝ አብልታዋለች› ብሎ ከሷል። እኔ መንጋጋ ቆልፍ ነው እላለሁ። ግን መንጋጋ ቆልፍ በቁስል ነው የሚገባው፤ ቁስል ደግሞ አጣሁ።»

ብሩክታይት ጓንቷን አጥልቃ ከራስ ቅሉ ጀመረች። እጁ ደህና ነው፤ ቅልጥሙ ደህና ነው። ሁለቱም ተረከዞቹ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቀዋል። የግራው ስንጥቅ አፈር ለብሷል። የቀኙ ግን ጠቁሯል፤ በሳሙና ብታሸውም አልለቀቀም። ያን ጥቁረት ታውቀዋለች። በወንድ እግር ላይ ግን አይታው አታውቅም።

«ዶክተር፣ እዚህ ስንጥቅ ውስጥ በደንብ ይፈልጉልኝ። ያገኙትን በስልክ ይነግሩኛል» ብላ ወጣች።

ጉኑኖ፣ ለቅሶ ቤቱ ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የሟች ታላቅ ወንድም ጩማ ከመኪናዋ ሳትወርድ ደረሰባት።

«ኢንስፔክተር፣ ምኑ ይመረመራል? ቤቱን አጨለመችው እኮ! በሩ ላይ ጋቢ ሰቀለች፤ አውራ ዶሮውን አረደችው። ንጹሕ ሰው ጨለማ ምን ያደርግለታል?»

«ሕመሙ መቼ ጀመረው?»

«እሑድ፣ ጸሎት ቤት። እሱ ነው መዘምራኑን የሚመራው፤ አፌ አልከፈት አለኝ አለ። ‹ሚስትህ ልጓም አግብታብህ ነው› ብለን ሳቅንበት።» ድምፁ ተሰበረ። «ሐሙስ ሞተ።»

«ቁስል ነበረው?»

«ምንም!» አለ ጩማ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

የሟች ሚስት ጥሩነሽ ጓዳ ውስጥ በፖሊስ ትጠበቃለች። አራስ ናት፤ ሕፃኑ ጡቷ ላይ ተጣብቋል።

«ለምን አጨለምሽበት?»

«ብርሃን ሲያይ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። ዶሮው ሲጮህ ጀርባው እንደ ቀስት ይለጠጣል። አእምሮው ደህና ነው፤ በዓይኑ ይለምነኛል፤ መናገር ግን አይችልም። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ምን ወጋው?»

ጥሩነሽ ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው።

«እህቴ፣ ዛሬ ወደ ሶዶ እስር ቤት ሊወስዱሽ ነው። ይሄ ሕፃንስ?»

«ይውሰዱኝ። የሱን ስም ግን መሳቂያ አላደርግም።»

ብሩክታይት ወደ ሴትዮዋ እግር ተመለከተች። ሁለቱም ተረከዞች ንጹሕና ለስላሳ ናቸው፤ ከወለደች ወዲህ ሥራ አልነኩም። ከቤቱ ጀርባ ግን እንሰቱ መሃል በቅርብ የተፋቀ ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ፣ ቅጠል ለብሷል። እንሰት የሚፋቅበት ሳንቃ ዛፍ ላይ ተደግፏል።

«ማን ፋቀላት?» ብላ አንዲት ጎረቤትን ጠየቀች።

«እኛማ ልንፍቅላት ስንሄድ አልቆ አገኘነው። ‹የሻንቶ ዘመዶቼ መጥተው ነበር› አለችን። ዘመድ የሚባል ግን ዓይናችን አላየም። ሰይጣን ሳይፍቅላት አልቀረም!» አለች ሴትዮዋ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የጤና ኬላዋ ሲስተር ሶፊ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ተሻገር ባለፈው ሳምንት እያነከሰ መጥቶ ነበር። ጩማ ከኋላው ሮጦ ደረሰበት። በሩ ላይ በሹክሹክታ ተጨቃጨቁና ይዞት ተመለሰ። ምነው ጠርቼው በነበር!»

የብሩክታይት ስልክ ጮኸ፤ ዶክተር እስራኤል ነበር። ሰምታ ስትጨርስ «አመሰግናለሁ» ብቻ አለች።

ሬሳው ከሶዶ እንደመጣ፣ ከቀብሩ በፊት ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጩማ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ተቀምጧል። ጥሩነሽ ወደ ሣጥኑ እንዳትቀርብ ስለከለከላት ልጇን ታቅፋ ከደጅ ቆማለች።

«የውሻ መርዝ በሰዓታት ነው የሚጨርሰው» ብላ ጀመረች ብሩክታይት። «ከእሑድ እስከ ሐሙስ አይታገሥም፤ መንጋጋም ይዞ አይጀምርም። መንጋጋ ቆልፍ ግን እንደዚያ ነው፤ አፍ ይቆልፋል፣ አንገት ያደርቃል፣ ከዚያ ጀርባን ይለጥጣል። ብርሃንና ጩኸት ያባብሰዋል። ጥሩነሽ ቤቱን ስታጨልም ያደረገችው ሆስፒታል የሚያደርገውን ነው።»

«ቁስሉስ የታለ?» አለ ጩማ።

«ቀኝ ተረከዙ ላይ። ዶክተሩ የቀርከሃ ስንጥር አውጥቶበታል።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እንሰት የሚፍቅ ሰው መሬት ተቀምጦ፣ እንሰቱን ሳንቃው ላይ በምን ይጫነዋል?»

«በተረከዝ» አሉ ሴቶቹ።

«መፋቂያውስ ከምን ይሠራል?»

«ከቀርከሃ።» ያቺ ጎረቤት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጭማቂው ተረከዝ ያጠቁራል፤ የእናቴ ቀኝ ተረከዝ እስክትሞት እንደዚያ ነበር። የአራሷ እግር ግን ንጹሕ ነው። ወንድ እንሰት አይፍቅም፤ ሲፋቅም በአጠገቡ አያልፍም ትላላችሁ። ተሻገር ለሚስቱ ፋቀላት። መፋቂያው ተሰንጥሮ ወጋው። ሊታከም ሲሄድ ‹ምን ወጋህ?› መባሉን የፈራለት ሰው ግን ከበሩ መለሰው። ጋሽ ጩማ፣ ምን አሉት?»

ጩማ እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ።

«‹የጉኑኖ ገበያ ሊስቅብን ነው› አልኩት» አለ። «ስንጥር ነው፣ ይወጣል አልኩት። ሲታመም ደግሞ… መርዝ ያበላችው እሷ ናት ብዬ… ሲስተር፣ ያን ቀን ባስገባው ኖሮስ?»

ሶፊ ወደ እሱ ዞረች። «ስንጥሩን አውጥቼ፣ በውኃና በሳሙና አጥቤ፣ የመንጋጋ ቆልፉን መርፌ እወጋው ነበር። እሑድ አፉ እምቢ ሲለው እንኳ በቀጥታ ሆስፒታል ቢገባ፣ ተስፋ ነበረው።»

ከወንዶቹ መካከል አንዱ «ተሻገር? እንሰት?» ብሎ በአፍንጫው ሳቀ።

ጥሩነሽ ከደጅ ገባች። ብሩክታይትን እንዲህ ባለ የወቀሳ ዓይን ማንም አይቷት አያውቅም።

«ስሙን መሳቂያ አላደርግም ብዬሽ ነበር» አለቻት። ከዚያ ወደሳቀው ሰው ዞረች። «አዎ፣ ፋቀልኝ! ወልጄ ተኝቼ፣ የምበላው አልቆ፣ ልጁ ሲያለቅስ። እየዘመረ ፋቀልኝ። በል፣ ሳቅ እንጂ።»

የሳቀው ሰው መሬት መሬት አየ። ጥሩነሽ ልጇን ታቅፋ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ጩማ ቀና ብሎ አያት፤ ሳይናገር ከራስጌው ተነሣና ቦታውን ለቀቀላት።